ሁለተኛውን ቅጽ የወሰደችው ወለተ ሥላሴ

ሚያዝያ 24፣ ሰኞ

ይህን ደብተር የከፈትኩት ለአንድ ጉዳይ ነው፦ ከገበያው በላይ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት መጽሐፍ እንደከለከለኝ በትክክል ለመመዝገብ። ቅሬታ አቀርባለሁ። ቅሬታዬም «ሁልጊዜ» እና «ብዙ ጊዜ» በሚሉ ቃላት ሳይሆን በቀንና በሰዓት የቆመ እንዲሆን እፈልጋለሁ።

ሰኔ 4 ቀን የግእዝ ቋንቋ መምህራን የቅጥር ፈተና አለ። የሚፈለጉት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ የተመዘገብነው አሥራ ዘጠኝ ነን፤ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። አብዛኞቹ ከቅኔ ቤት የወጡ ዲያቆናት ናቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት አማርኛ ነው፤ ግእዙን ያገኘሁት ከሰንበት ትምህርት ቤትና ከራሴ ትጋት ነው። ሰዋስዉን እችለዋለሁ፤ የሚጎድለኝ ቃል ነው። ቃሉ ደግሞ ያለው በሁለት ቅጽ በታተመው ትልቁ መዝገበ ቃላት ውስጥ ነው፤ እሱም በመላው ፍኖተ ሰላም የሚገኘው እዚያ ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው።

ዛሬ ከጧቱ 3:10 ደረስኩ። ኀላፊው አቶ ባዬ ቁልፋቸውን በአንገታቸው አንጠልጥለው ተቀምጠው ነበር።

«ተያዥ አለሽ?»

«የቀበሌ መታወቂያ ይዣለሁ።»

«መታወቂያማ ማን የሌለው አለ? የመሥሪያ ቤት ወይም የደብር ማኅተም ያረፈበት የተያዥ ደብዳቤ ነው የምልሽ። መጽሐፉን ይዘሽ ብትጠፊ የምይዘው ሰው።»

«ሥራ የለኝም እኮ፣ አቶ ባዬ። መጽሐፉን የምፈልገው ሥራ ለማግኘት ነው።»

«እንግዲያ ሥራ ያዥና ነይ።»

ደንቡ ትክክል ነው። ይበልጥ ያናደደኝ ትክክል መሆኑ ነው። ለማንኛውም እዚያው ተቀምጦ ማንበብ ይፈቀዳል። ነገ እሄዳለሁ።

ሚያዝያ 25፣ ማክሰኞ

ከ2:45 እስከ 5:20 ደረጃው ላይ። ዘበኛው፦ «ስብሰባ ሄደዋል።» የት? «ስብሰባ።» መቼ ይመለሳሉ? «ስብሰባው ሲያልቅ።»

ዝግ፣ ቁጥር አንድ።

ሚያዝያ 27፣ ሐሙስ

ተከፍቷል! ቅጽ አንድን በእጄ ያዝኩት። በአንድ እጅ አይነሣም። ከ3 ሰዓት እስከ 6:20 ሰማንያ አንድ ቃል ገለበጥኩ። አንዱ ቃል ሌላውን እየጠራ፣ ያም ሌላውን እየጠራ፣ ምሳ ሰዓት መድረሱን የነገረኝ የአቶ ባዬ የቁልፍ ድምፅ ነው።

ነገር ግን ቅጽ አንድ ከሀ እስከ ተ ብቻ ነው። ከኀ እስከ ፐ ያለው ሁለተኛው ቅጽ የለም። አቶ ባዬ አሮጌውን የውሰት መዝገብ አውጥተው ጣታቸውን በመሥመሩ ላይ አስሄዱ።

«ከሰባት ዓመት በፊት ወጥቷል። በእኔ ዘመን አይደለም። ተዋሽ፣ ወለተ ሥላሴ።»

«የአባት ስም?»

«የለም። ቀበሌም የለም። ተያዥ፣ መሪጌታ ተስፋው፤ የደብሩ ማኅተም አለበት።»

«ታዲያ ለምን አልተፈለገችም?»

«የክርስትና ስሟን ሰጥታ ሄደች! ከዚህ ከተማ ሴት ግማሿ ወለተ ማርያም፣ ግማሿ ወለተ ሥላሴ ናት። በየቤቱ እየገባሁ ‹እመቤቴ፣ የክርስትና ስምዎ ማነው?› ልበል? መተተኛ ነው ብለው በድንጋይ ነው የሚሸኙኝ።»

እውነታቸውን ነው። የክርስትና ስም ለንስሐ አባት እንጂ ለጎረቤት አይነገርም። እኔ ራሴ ያሳደገችኝን የአክስቴን እንኳ አላውቅም። ይህች ሴት ግን ይህንን ባህል ለመደበቂያ ተጠቅማበታለች። ብልጠቷ ይደንቃል፤ ይቅር የሚባል ግን አይደለም።

ሚያዝያ 29፣ ቅዳሜ

ከአክስቴ ጋር ተከራከርን፤ ወይም እኔ ተከራከርኩ። አክስቴ አቻምየለሽ በርበሬ ነጋዴ ናት። ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ለትምህርት ባሕር ዳር ከቆየሁባቸው ዓመታት በቀር ተለይቻት አላውቅም። የበርበሬውን ጭራ እየቀነጠሰች ነገሩን ሁሉ ነገርኳት።

«ሌባ ናት!» አልኩ። «ሰባት ዓመት! ያውም ስሟን ደብቃ!»

«ሌባ መጽሐፍ ምን ያደርግለታል? አይበላ፣ አይለበስ።»

«ታዲያ ለምን አልመለሰችም?»

«እንጃ ልጄ። ልትመልስ ሄዳ ይሆናላ።»

«ሰባት ዓመት ሙሉ?»

የቀነጠሰችውን በርበሬ ወደ ሰፌዱ ገፋ አድርጋ፦ «መጽሐፉ ቢገኝስ፣ ማን ዘንድ ነበር ተብሎ ይጠየቃል?»

«እንዴት አይጠየቅም! ካልተጠየቀማ ደንብ ምን ይሠራል?»

ደግማ አልጠየቀችኝም።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልመዝግብ። የማላውቃቸውን ቃላት ጮክ ብዬ ስዘረዝር «ዐቀበ» አልኩ። ቀና ሳትል «ጠበቀ ነው» አለችኝ። ፈነወን፣ ዘከረን፣ ጸውዐንም አወቀቻቸው። ሐነጸን ግን አላወቀችም፤ ረከበንም፣ ቀሠፈንም። ከአጥራችን ጀርባ የመሪጌታ ተስፋው ቅኔ ቤት ስለነበረ ከጆሮዋ የቀረ ይሆናል፤ እሳቸው ወደ ቡሬ ከተዛወሩ ወዲህ ጎጆዎቹ ባዶ ናቸው። የምታውቃቸውን ከማታውቃቸው የሚለይ ሥርዐት ፈልጌ አጣሁ። እንዲሁ የገጠማት ነው።

ወደ ጓዳ ልገባ ስል ከለከለችኝ። በርበሬው ያስነጥስሻል ትላለች።

ግንቦት 2፣ ማክሰኞ

ትናንት ልደታ ነበር። ዝግ፣ ቁጥር ሁለት።

ዛሬ ማመልከቻ አስገባሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ቤት ያላት ጓደኛዬ ሰብሊ ጻፈችልኝ። የጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው፦ የተዋሽዋ ስም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ፣ ተያዥዋም እንዲጠየቁ።

«አንቺ እኮ ዳኛ መሆን ነበረብሽ» አለችኝ ሰብሊ፣ እየጻፈች። «ቆይ ግን፣ ሴትዮዋ ሞታ ቢሆንስ?»

«ወራሾቿ ይመልሱ።»

«ኧረ ሼም ነው፣ ያምሮት!»

አቶ ባዬ ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። «የክርስትና ስም ለጥፌ አላውቅም።»

«መዝገብዎ ላይ ያለው ስም እሱ ነው።»

«ደንብ ወንድ ቢሆን ኖሮ አንቺን ነበር የሚያገባ» ብለው ማኅተሙን መቱበት።

ስወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ወረድኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ!

ግንቦት 5፣ ዓርብ

ተለጠፈ። በትልቅ ፊደል፦ «ወለተ ሥላሴ የተባሉ ተዋሽ ሰባት ዓመት ያቆዩትን የሕዝብ ንብረት በአስቸኳይ እንዲመልሱ»። ሰው ቆሞ ያነባል።

ሁለት ተፈታኝ ዲያቆናት ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«አንዷ ሴት መጽሐፉን ይዛ ጠፋች፤ አንዷ ሴት ለፈተናው ተመዘገበች።»

«የተመዘገበችው ታሳዝናለች። ግእዝ በአማርኛ ተርጉመው ይሰጡኛል ብላ ይሆናል።»

አልዞርኩም። ገብቼ ከመቶ በላይ ቃል ገለበጥኩ። ከ«ረ» ወደ «ሰ» ተሻግሬያለሁ።

ግንቦት 6፣ ቅዳሜ

አክስቴ ገበያ አልወጣችም። የቅዳሜን ገበያ ስታስቀር አላስታውስም። ጉንፋን ይመስለኛል። ትናንት በሰሌዳው በኩል ስታልፍ አይታው ኖሮ ማታ ጠየቀችኝ።

«የክርስትና ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፋል ወይ?»

«ሕጋዊ ማስታወቂያ ነው።»

«ሰው በዚያ ስም ነው በሰማይ የሚጠራ።»

«እንግዲያው በዚያ ስም መጽሐፍ ወስዳ ባልቀረች ነበር።»

ከተናገርኩት ይልቅ የተናገርኩበት ድምፅ አሁን ይከብደኛል። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር።

ግንቦት 8፣ ሰኞ

ቡሬ ደርሼ መጣሁ! በሚኒባሱ መስኮት የታረሰው መሬት ለዝናብ ተዘጋጅቶ ተዘርግቷል። እኔም የፍለጋዬ መጨረሻ የቀረበ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ጥያቄዎቼን በቅደም ተከተል ስጽፍ ነበር። ዘጠኝ ጥያቄ። መሪጌታ ተስፋው የመለሱልኝ አንዱን ነው።

«ተያዥዋ ነበሩ?»

«ነበርኩ። ዛሬም ነኝ።»

«ማን ናት?»

«ልጄ፣ ስሙ በአደራ የተሰጠኝ ነው። አደራ ደግሞ ለሌላ አይነበብም።»

«ቢያንስ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነች ይንገሩኝ።»

ጢማቸውን ያዝ አደረጉ። «ከደቀ መዛሙርቴ ሁሉ ትበልጥ ነበር። አንዲት ቀን እንኳ ግን ከጉባኤው አልተቀመጠችም። አክስትሽ ደኅና ናት?»

«ትንሽ አሟታል። ታዲያ ካልተቀመጠች እንዴት ተማረች?»

«ጆሮ አጥር አይከለክለውም። አሟታል ነው ያልሽኝ? አክስትሽን?»

ለእኔ ተያዥ እንዲሆኑኝ ለመንኳቸው። የመጀመሪያው መጽሐፍ ሳይመለስ ለሁለተኛ ሰው ማኅተም እንደማይመታ ነገሩኝ፤ ደንቡንም አውቀዋለሁ። ሲሸኙኝ ደግሞ ስለ አክስቴ ጤና ጠየቁ፤ ሦስተኛ ጊዜ መሆኑ ነው። ዕድሜ ያስረሳል። «የራቀውን ትተሽ የቀረበውን አስታምሚ» አሉኝ። ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ ለጉዳዬ ግን አልጠቀሙኝም።

ግንቦት 11፣ ሐሙስ

ዝግ፣ ቁጥር ሦስት። አቶ ባዬ ለማዳበሪያ ምዝገባ ገጠር ወጥተዋል። የቤተ መጻሕፍት ኀላፊና ማዳበሪያ! ቁልፉም አብሯቸው ሄዷል።

ግንቦት 15፣ ሰኞ

ዝግ፣ ቁጥር አራት። ፈተናው ሊደርስ ሃያ ቀን አልቀረውም። ከ«ኀ» ወዲያ ባዶ ነኝ።

አክስቴ አትበላም። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ምንም አልተገኘባትም።

ግንቦት 16፣ ማክሰኞ

የንስሐ አባታችን ቄስ መልካሙ ሊጸልዩላት መጡ። የጠበሉን ሳሕን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጃቸውን በራሷ ላይ ጭነው እንዲህ አሉ፦

«ፈውሳ ለአመትከ ወለተ ሥላሴ።»

ሳሕኑን አልጣልኩትም። አንድ ጠብታ አልፈሰሰም። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም።

ዓይኗን ገልጣ አየችኝ።

ግንቦት 17፣ ረቡዕ

ሲነጋ እጽፋለሁ፤ ያልጻፍኩት እንዳይጠፋ።

ቄሱ እንደወጡ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች። ከበርበሬው ጆንያ ሥር በነጠላ ተጠቅልሎ ነበር። ቅጽ ሁለት። አንድ ገጹ አልታጠፈም፤ በርበሬ በርበሬ ግን ይሸታል። ሁለታችንም እያስነጠስን ነው የተነጋገርነው፤ እንባውን ከማስነጠሱ መለየት አልተቻለም።

«ተማሪዎቹ ከአጥሩ ጀርባ ጮክ ብለው ሲቀጽሉ ስሰማ ኖሬ ኖሬ ቃሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ» አለችኝ። «ፊደሉን በጎልማሶች ትምህርት ቆጠርኩት። መሪጌታም አንድ ቀን በአጥሩ ላይ ዘንበል ብለው ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ሌላ ጠየቁኝ፤ መለስኩ። ‹በይ ተያዥ ልሁንሽና መጽሐፉን ተዋሺ› አሉ። ቤተ መጻሕፍቱ ስሄድ የመጀመሪያውን ቅጽ ሌላ ሰው ይዞት ነበር፤ ሁለተኛውን ሰጡኝ።»

ሐነጸን፣ ረከበን፣ ቀሠፈን ያላወቀችው ለዚህ ነው። ሥርዐት አጣሁለት ብዬ ነበር።

«የክርስትና ስምሽን ለምን ሰጠሻቸው?»

«የግእዝ መጽሐፍ አይደል? ለጸሎት ስም ሲሰጥ፣ ለቁርባን ስም ሲሰጥ፣ የሚሰጠው የክርስትና ስም ነው። የዚህንም እንደዚያው መስሎኝ። ‹ስም?› አለኝ ጸሐፊው፤ ‹ወለተ ሥላሴ› አልኩ። ደስ እያለኝ ነበር ያልኩት።»

«ለምንስ አልመለስሽውም?»

መጽሐፉን ገልብጣ የኋላውን ባዶ ገጽ አሳየችኝ። በእርሳስ፣ በተለቀሙ ፊደላት፦

«ለሥላሴ ሄድኩ። ተዘግቷል።
ለሚካኤል ሄድኩ። ዕቃ ይጭናሉ።
ለኪዳነ ምሕረት ሄድኩ። ቤቱ ተዛውሯል አሉ።
ለማርያም ሄድኩ። አዲሱ ቤት ቁልፍ የለውም።
ለጊዮርጊስ ሄድኩ። ስብሰባ።
ለመድኃኔ ዓለም ሄድኩ። ስብሰባ።
ለባለ እግዚአብሔር ሄድኩ። ነገ ነይ።»

ሰባት። ደብተሬን አምጥቼ አጠገቡ ዘረጋሁት። የእኔ አራት ነው። አንዳችን በቀን ቁጥር፣ አንዳችን በበዓል፣ አንድ ደብተር ስንጽፍ ኖረናል። እሷ «ስብሰባ»ውን አይታ መሳቅ ጀመረች፤ እኔም።

«ከዚያ ፈራሁ» አለች። «አንቺም መጥተሽ ሌባ አልሽ።»

ሳቁ ያን ጊዜ ቆመ። ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ስሟን በትልቅ ፊደል ያስለጠፍኩት፣ ማኅተሙን ያስመታሁት፣ ደረጃውን እየዘለልኩ የወረድኩት እኔ ነኝ። ሁሉም በቀንና በሰዓት እዚህ ተጽፏል፤ ለቅሬታ ያዘጋጀሁት ማስረጃ የሚመሰክረው በእኔው ላይ ነው።

ይህን ጽፌ 2:30 ላይ ሄድኩ። ዝግ፣ ቁጥር አምስት። ዘበኛው እያየኝ ማስታወቂያውን ከሰሌዳው ነቀልኩት። ማኅተም ያለበትን ወረቀት ያለ ፈቃድ መንቀል ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። እዚሁ ደብተር ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፤ ለአቶ ባዬ ራሴ አስረክባለሁ።

ግንቦት 18፣ ሐሙስ

ሰብሊ፦ «በቃ መስኮት ላይ አስቀምጠሽው ሩጪ! ማን ያያል?»

አክስቴ፦ «በሰው ፊት ወስጄዋለሁ፤ በሰው ፊት እመልሳለሁ።»

አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ መጽሐፉን እንደታቀፈች ሄድን። ዝግ። ለእኔ ስድስት፣ ለእሷ ስምንት። አቶ ባዬ እስከ ማክሰኞ ከማዳበሪያው አይመለሱም። አክስቴ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እርሳስ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት።

ግንቦት 21፣ እሑድ

እንዲህ ያለ ሳምንት አላውቅም። መጽሐፉ እስኪመለስ ማንበብ አልተከለከለም ስትለኝ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። እሷ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ እኔ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ገጹን ሳላገኘው በፊት ትመልሳለች። ገብአን ስጠይቃት «ተመለሰ፤ አግብአ መለሰ» ብላ ፈገግ አለች። ከቅጽ አንድ የገለበጥኩትን እኔ አስተምራታለሁ። ሐነጸን ስነግራት ደጋግማ አለችው፤ አዲስ ጌጥ እንደሚሞክር ሰው።

ትበላለች። ትናንትም ገበያ ወጣች።

ዲያቆናቱ የሚያውቁትን እኔም አሁን በከፊል አውቃለሁ። ባላልፍ እንኳ ... አይ፣ ይህን አልጽፍም። ማለፍ እፈልጋለሁ። በጣም እፈልጋለሁ።

ግንቦት 24፣ ረቡዕ

ክፍት!

አክስቴ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «ወለተ ሥላሴ እኔ ነኝ። በአደባባይ የምጠራበት ስሜ አቻምየለሽ ነው።»

አቶ ባዬ መጽሐፉን አዩት፣ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። «አክስትሽ አይደሉም?»

«ናት።»

«አንቺ ነሽ እኮ ያስለጠፍሽው!»

«እኔ ነኝ። የነቀልኩትም እኔ ነኝ» ብዬ ወረቀቱን አስረከብኩ። ፊቴ እንደ አክስቴ በርበሬ ሆኖ እንደነበር ሰብሊ ከውጭ ሆና አይታኛለች።

የኋላውን ገጽ አሳየናቸው። የዚያን ዓመት መዝገብ አምጥተው አንድ በአንድ አመሳከሩት። ቤቱ ተዛውሮ ነበር፤ ቁልፍም አልነበረም፤ ስብሰባም ነበር። መዝገቡን ዘግተው ወደ አክስቴ ዞሩ።

«ለመድኃኔ ዓለም የተባለው ስብሰባ ስለ ምን እንደነበር ያውቃሉ፣ እመቤቴ? ስለ ንባብ ባህል።» ከዚያ ኮስተር ብለው፦ «መጽሐፍ ላይ መጻፍ ግን ክልክል ነው።» አክስቴ ላጲስ ስትጠይቅ እጃቸውን ገጹ ላይ ጫኑበት። «ተዪው። ማስረጃ ነው።»

መሪጌታ ተስፋው መጽሐፉ መገኘቱን ሰምተው በሚኒባስ ሹፌር ለአክስቴ የላኩላትን አዲስ የተያዥ ደብዳቤ አቀረብን። አክስቴ በዓለም ስሟ፣ በአባቷ ስምና በቀበሌዋ ተመዘገበች። ቅጽ ሁለትን እንደገና፣ አሁን በወጉ፣ ለዐሥራ አምስት ቀን ተዋሰች። እኔ ወደ ንባብ ክፍሉ ልገባ ስነሣ አቶ ባዬ ጠሩኝ።

«ቅጽ አንድንስ አትወስጂም?»

«ተያዥ የለኝም።»

«እኔ የመንግሥት ሠራተኛ አይደለሁም እንዴ? ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ሁሉን የመዘገብኩት እኔ፣ ይህን አንድ ጥያቄ አልጠየቅኩም። እሳቸው ፈረሙልኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ ሁለቱ ቅጾች ለመጀመሪያ ጊዜ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በቤታችን አሉ። አክስቴ ከ«ሀ» ጀምራለች።

የቅሬታ ማመልከቻውን ትቼዋለሁ። በምትኩ ሰብሊ ይህን ጻፈችልኝ፤ ግልባጩ ይኸው፦

ለአቶ ባዬ፣

በወይዘሮ አቻምየለሽ ስም ቅጽ ሁለትን፣ በእኔ በያምሮት ስም ቅጽ አንድን ዛሬ ግንቦት 24 ቀን መዋሳችን ይታወቃል። ፈተናው ሰኔ 4 ነው፤ መጻሕፍቱን ግን ሁለታችንም በእግራችን መጥተን በቀናቸው እንመልሳለን። ስለዚህ በትሕትና የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስብሰባም ሆነ ማዳበሪያ ቢመጣ፣ ቁልፉን ለዘበኛው ትተውልንም ቢሆን፣ ሰኔ 9፣ ሐሙስ፣ ከጧቱ 2:30 ላይ በሩ ክፍት ይሁንልን።